ክዳን የሌላቸው ሦስት ሳጥኖች

አባቷ ጠዋት በሩን ከፍተው አንድ እግራቸውን ወደ ግቢው እንዳወጡ፣ ሁለተኛውን ማስከተል አቃታቸው።

«ኧረ ጉድ! አንቺ ልጅ! ነይ ውጪ!»

ልብስ ሰፊዋ ልጃቸው ስፒል በከንፈሯ ነክሳ፣ ሜትር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ እየሮጠች ወጣች። ፀሐይ በሚያርፍበት የግቢው ጥግ፣ ሲሚንቶው ላይ፣ ሦስት ሳጥኖች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። በትከሻ በኩል ሰፋ፣ በእግር በኩል ጠበብ ያሉ ናቸው። ጎናቸው በቫርኒሽ ያብረቀርቃል። ግራና ቀኝ የናስ እጀታ ሳይቀር ተገጥሞላቸዋል። የጎደላቸው ክዳን ብቻ ነው።

«እኔና አንቺ ሁለት ነን» አሉ አባቷ በጣታቸው እየቆጠሩ። «ሦስተኛው ለማን ነው?»

ይኼኔ ከጎረቤት ያሉት አክስቷ እንደ ወትሯቸው ሳያንኳኩ ገቡ። ሳጥኖቹን አዩና ነጠላቸውን ከትከሻቸው ጥለው «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያሉ ደረታቸውን መቱ።

«አለሁ፤ አትጩኺ» አሏቸው አባቷ ከበሩ ላይ ሆነው።

ሰፊዋ ስፒሎቹን ከአፏ አውጥታ ደረቷ ላይ ሰካች። «አክስቴ፣ አባዬ፣ ማንም አልሞተም። የአትክልት መደብ ነው። ቲማቲም ልዘራበት ነው።»

«ቲማቲም!» አሉ አክስቷ። «ቲማቲም በምን ኃጢአቱ?»

ያን ጊዜ ሳቋ መጣ። ልታምቀው አፏን ብትይዝም አመለጣት። ሆዷን ይዛ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ እስክትል ሳቀች። እናቷ ካረፈች ወዲህ በዚያ ግቢ ውስጥ ሳቅ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር፤ እሷም ራሷ ድምፁን እንደ እንግዳ አዳመጠችው።

*

ነገሩ የተጀመረው በሸሚዝ ቁልፍ ፍለጋ ነው።

እናቷም ልብስ ሰፊ ነበረች። ያቺው የስፌት መኪና፣ ያው ወንበር፣ ያው የቁልፍ መሳቢያ። በሕይወት ሳለች ገበያ በወጣች ቁጥር አንድ ፓኬት ዘር ሳትገዛ አትመለስም። «ይሄ ሲሚንቶ ባይሆን ኖሮ እኮ ይሄ ግቢ…» ትልና ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ፓኬቱን ቁልፎቹ መሃል ትወረውረዋለች። አንድ ቀን ልጅቷ ነጭ ቁልፍ ስትፈልግ እጇ ፓኬቶቹን አገኘ። ቲማቲም፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ሰላጣ። አራገፈቻቸው፤ ዘሮቹ ውስጣቸው ሆነው ተንሿሹ። እናቷ ስትስቅ የምታሰማውን ድምፅ መሰላት።

ሰፊዋ በዕድሜዋ አንድ ችግኝ ተክላ አታውቅም። ቬሎ ልትለካ የመጣች ደንበኛ ግን «መሬት ባይኖርሽስ?» አለቻት። «እስከ ጉልበት የሚደርስ የእንጨት ሳጥን አሠርተሽ አፈር ሙዪበት። እኛ ቤት ሲሚንቶ ላይ ነው የሚበቅለው።»

በሰፈሩ አናጢ ሞልቷል። እሷ ግን አስፋልቱን ተሻግራ በቀጥታ ፊት ለፊት ወዳለው ሱቅ ሄደች፤ ሰው ሁሉ መንገድ ቀይሮ ወደሚያልፈው፣ ወደ ሬሳ ሳጥን ሠሪው። ሰፈሩ «መጨረሻው» ይለዋል። ሌላ ስም ሲጠራለት የሰማ የለም።

ለምን እሱ ጋ ሄደች? በእናቷ ቀብር ዕለት፣ የምትይዘው ነገር አጥታ፣ የሳጥኑን ጠርዝ ይዛ ነበር። ጣቷ ስንጥር ጠበቀ። ስንጥር ግን አልነበረም። ማንም የማያየው፣ ወዲያው አፈር የሚበላው ጠርዝ፣ እንደ ሕፃን ጉንጭ ለስልሶ ነበር። «ይሄን ያለሰለሰው ማነው?» ብላ አሰበች፤ በዚያ ሁሉ ለቅሶ መሃል።

ስትገባ ጣውላ እየላገ ነበር። ቀና አለና ፊቱን ለሐዘን አስተካከለ።

«እግዜር ያጽናሽ እህቴ። ማን አረፈ?»

«ማንም። ሳጥን ፈልጌ ነው።»

«ለማን?»

«ለቲማቲም።»

መላጊያውን አስቀመጠ። ጆሮውን የተጠራጠረ መሰለ። «ቁመቱስ?» አለ ከልምድ፣ ወዲያውም ደነገጠ። «ማለቴ…»

«የኔን ቁመት ያህል ይበቃል።»

ከእግር እስከ ራሷ አያት። እሷም አየችው። ሁለቱም ሰውን በዓይን የመለካት አመል ነበራቸው፤ እሱ ለሳጥን፣ እሷ ለልብስ። በአንድ አፍታ ውስጥ ተለካኩ። መለካካታቸውንም ሁለቱም አወቁት።

«የግራ ትከሻህ ከቀኙ ዝቅ ይላል» አለች፣ ሌላ የምትለው ጠፍቷት።

«በመጋዙ ነው» አለና ቀላ። «ያየልኝ ሰው ግን አልነበረም።»

ልትወጣ ስትል፣ ሱቅ ለገባችበት ሰው ሁሉ የምትለው በአፏ መጣ። «በል ገበያ ይቅ…» አለችና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

እሱ ሳቀ። ጥርሱ ያምራል። «ግድ የለም። አባቴም ይሄን ሱቅ ይዞ ሲኖር አንድ ቀን ሳይባል ነው ያለፈው። እኔን ገበያ ይቅናህ የሚለኝ ሰው፣ ዘመዱን የጠላ ብቻ ነው።»

ሳቀች። አስፋልቱ መሃል ስትደርስ ግን ዞር ብላ ሱቁን አየችው። ማንም መርቆት የማያውቅ ሰው እጁ እንዴት ያን ያህል ሊለሰልስ ቻለ?

*

እነዚያ ሳጥኖች መጡ፤ አክስቷም ጮኹ፤ ያልነው ሁሉ ሆነ። አፈሩን ሳጥን ሠሪው በጋሪ አስመጣ። ብስባሹን እሷ ከላም አርቢዎች ለመነች። ሁለቱም የሚያውቁት ነገር አልነበረም። እሱ ዘሩን በእርሳስ ምልክት እያደረገ ሊተክል ይሞክራል፤ እሷ ደግሞ እንደ ስፌት መስመር ቀጥ ካላለ አይዋጥላትም። እሱ «ይሄ ምኑ ነው ካሮት? አሸዋ አይደል እንዴ?» ይላል። እሷ «ተንፍስበትና ብን ይልልሃል፤ አፍህን ዝጋ» ትላለች።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። ዘር የዘራ ሰው ዓይኑ አፈር ላይ ይቀራል ማለት እውነት ነው። እጅጌ እየሰፋች ትነሳለች፤ አየት አድርጋ ትመለሳለች። ቁልፍ እየተከለች ትነሳለች።

«እንዲህ አፍጥጠሽበት እንዴት ይውጣ?» አሉ አክስቷ። «እሱም እፍረት አለው እኮ!»

አንድ ጠዋት ግን፣ ጥቁሩ አፈር ላይ፣ በክር የተዘመዘመ የሚመስል አረንጓዴ መስመር ነበር። ሰፊዋ እልል ማለት አማራት። አንድ ጫማዋን ግቢው ውስጥ ጥላ፣ ሜትሯ ከኋላዋ እየተውለበለበ፣ አስፋልቱን አቋርጣ በረረች።

«በቀለ! በቀለ!»

ሰው ከየበሩ ብቅ አለ። ወደ ሬሳ ሳጥን ሱቅ እንዲህ የሚሮጥ ለአንድ ነገር ብቻ ነውና «የትኛው በቀለ? ሹፌሩ?» አለች ዳቦ ሻጯ ደረቷን ይዛ።

እሱ ግን ገብቶት ነበር። መጋዙን እንጨቱ ውስጥ እንደተሰካ ትቶ አብሯት ሮጠ። ሁለቱ ሳጥኑ ላይ ጎንበስ አሉ። ግንባራቸው ተነካካ፤ ማንም ቀና አላለም።

«ታውቂያለሽ» አለ በዝግታ፣ ትንፋሹ ቅጠሎቹን እንዳይጎዳ የፈራ ይመስል፣ «የኔ ሥራ ሁሉ የሚሄደው ወደ ታች ነው። ከእጄ ሥራ ውስጥ ወደ ላይ የሚወጣ ነገር ሳይ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።»

በዚያው ሳምንት ሸሚዙን ተኩሶ፣ የእንጨት ብናኙን ከፀጉሩ አራግፎ መጣ። አባቷ ፊት ቆመ።

«ጋሼ፣ ልጅዎን እወዳታለሁ። እርስዎ ሳይፈቅዱ ግን አልፈልግም። እሷም አትፈልግም።»

አባቷ ነጠላቸውን አስተካከሉ። የጡረታ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በፖስታ ቤት የሰውን መልእክት ሲያደርሱ ኖረው፣ የራሳቸውን መናገር አይሆንላቸውም።

«ክፉ ነህ አልልም» አሉ በመጨረሻ። «ግን አንተን ባየሁ ቁጥር ያችን ቀን ነው የማየው። ዳቦ ልገዛ ስወጣ ሱቅህ ፊት ላለማለፍ ዙሪያውን የምዞር ሰው ነኝ። እንዴት አድርጌ ከአንተ ጋር አንድ ገበታ እቀመጣለሁ?» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ከሳጥንህ ውስጥ በሕይወት የሚወጣ ነገር አሳየኝ። ያኔ እንነጋገራለን።»

ሁለቱ ተያዩ። ሳይነጋገሩ አንድ ነገር አሰቡ፦ ቲማቲሙ! ደስታዋ ከደረቷ አልፎ ጣቶቿ ጫፍ ድረስ ነዘራት።

*

ችግኞቹ አንድ ስንዝር ከሆኑ በኋላ ቢጫ ሆኑ።

መጀመሪያ የታችኛው ቅጠል፣ ከዚያ ሌላው። ውሃ ጠማው ብላ አጠጣች። ባሰበት። ጨምራ አጠጣች። የእናቷ ቲማቲሞች አንገታቸውን ሰብረው አፈሩ ላይ ተኙ። ሰላጣው ከሥሩ እየላላ በጣት ሲነካ ይነቀላል።

«ብዬ ነበር» አሉ አክስቷ። «በሬሳ ሳጥን ተዘርቶ ምን ሊበቅል? ሰውየው እጁ ነው! ሙሽሮችሽም ይሄን እያዩ እንደማይመለሱ ማን ነገረሽ? ደስታ ልትለብስ መጥታ ሐዘን የምታይ ሙሽራ የት አለች?»

«እህቴ፣ በቃ» አሉ አባቷ። ግን «ተሳስተሻል» አላሉም። ሰፊዋ ያን ጠብቃ ነበር። ሳይሉት ሲቀሩ፣ የአክስቷ ቃል ልቧ ውስጥ እንደ ተሰበረ መርፌ ቀረ።

እሱ ውሃ ማጠጫ ይዞ በበሩ ሲገባ አየችው። ፊቱ በተስፋ ፈክቷል። ወደ ሳጥኑ ጎንበስ ሲል፣ መርፌው ወጋት።

«አትንካው! አንተ የነካኸው ነገር ሁሉ…»

ቆመች። ግን ቃል ከአፍ፣ እንቁላል ከእጅ ካመለጠ አይመለስም።

ውሃ ማጠጫውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠው። «ጨርሺው እንጂ» አለ። «ሰፈሩ ሁሉ ጨርሶልኛል። የማትጨርሽው አንቺ ብቻ ነበርሽ።»

ወጣ። የግራ ትከሻው ከወትሮው ይበልጥ ዝቅ ብሎ ነበር። እሷ ልትጠራው አፏን ከፈተች፤ የምትጠራበት ስም እንደሌላት ያን ጊዜ ታወቃት። «መጨረሻው» ብላ ልትጠራው? አፏን ከድና አለቀሰች።

*

በማግስቱ የሞቱትን ልትነቅል ወጣች። እናቷን ሁለት ጊዜ እንደመቅበር ነበር። አንዱን ቲማቲም ከነሥሩ ስትስበው ሽታ መጣ፤ የረጋ ውሃ ሽታ። እጇን ወደ አፈሩ ሰደደች። እስከ ክርኗ ገባ። ጭቃ፣ ከዚያ ውሃ፣ ከዚያም ጣቷ አንድ ጠንካራ፣ ለስላሳ ነገር ነካ።

እንጨት።

ዳሰሰችው። ዳር እስከ ዳር እንጨት ነው፤ አፈር ሲሞሉበት አይታው ያላሰበችበት ወለል። መጋጠሚያዎቹን ፈለገች፤ ፀጉር የሚያስገባ ክፍተት የለም። ሙጫ፣ በሙጫው ላይ ሰም። አንድ ጠብታ መውጫ የለውም! ያጠጣችው ውሃ ሁሉ እዚያው ነበር። ችግኞቹ ሰምጠው እንጂ ማንም ረግሟቸው አልነበረም።

«አባዬ!» ጮኸች። «አባዬ፣ ወለል አለው! ወለል ሠራለት!» እየሳቀች ነበር፣ እንባዋም እየወረደ ነበር።

አባቷ በነጠላ ጫማ ወጥተው ሳጥኑን በጣታቸው አንኳኩ። እንደ ከበሮ ድፍን ድምፅ ሰጠ። «አዬ!» አሉ። እጃቸው ከእንጨቱ ላይ ቶሎ አልተነሳም።

ሰፊዋ ከነጭቃዋ ሱቁ ገባች። እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ምስማር ይቆጥራል። አልዞረም።

«ወለል ለምን ሠራህለት?»

«ምን?»

«ለሳጥኑ! ከታች ክፍት መሆን ነበረበት እኮ! ውሃ ይወርድ ዘንድ!»

ዞረ። ያልገባው ሰው ፊት ነበረው፤ ከዚያ እየገባው ሄደ፤ ፊቱም አብሮ ተለወጠ።

«አፈር የሚይዝ ሳጥን አልሺኝ» አለ። «እኔ ከሥር የሚከዳ ሳጥን ሠርቼ አላውቅም። በዚህ ሥራ ትልቁ ውርደት ያ ነው። ሰው የተሸከመው ሳጥን ወለሉ ቢለቅ…» ዋጠው። «ለእናትሽ ስሠራ ደግሞ ወሩ ዝናብ ነበር። አንድ ጠብታ እንዳይነካት ብዬ በሙጫው ላይ ሰም ጨመርኩ። ላንቺ ስሠራ እጄ ያንኑ ደገመው። አላሰብኩትም። ላንቺ ስለሆነ፣ ከሁሉ የጠነከረውን ሠራሁ።»

የላገው እንጨት ላይ ተቀመጠች።

«ያን ጠርዝ ነክቼዋለሁ» አለችው። «ያን ቀን፣ ሰው ሁሉ ‘አይዞሽ’ ሲለኝ አንዱም አልገባኝም። እጄ ያን ጠርዝ ሲነካ ብቻ፣ ‘አንድ ሰው ለእናቴ ተጨንቆላታል’ አልኩ። እዚህ ሱቅ ያመጣኝ እሱ ነው። ትናንት ግን… ያልኩህን…»

«አልጨረሽውም።»

«አሁን ልጨርሰው?»

ምስማሮቹን ከእጁ አስቀመጠ።

«አንተ የነካኸው ነገር ሁሉ ይለሰልሳል። እኔንም ጨምሮ።»

ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ዝቅ ያለውም፣ ከፍ ያለውም። እሷም ጭቃ በሆነ እጇ ያን ትከሻ ያዘችው። በሸሚዙ ላይ አምስት ጣት ቀረ፤ ያን ሸሚዝ ከዚያ በኋላ ሊያጥበው እንዳልፈለገ ኋላ ነገራት።

*

መሰርሰሪያውን ይዞ መጣ። ከሳጥኖቹ ሥር ድንጋይ አግብተው ከሲሚንቶው ከፍ አደረጓቸው። የመጀመሪያውን ወለል ሲበሳ፣ ጥቁር ውሃ ዥው ብሎ ወጣ፤ ግቢውን አቋርጦ የአባቷን ነጠላ ጫማ ይዞ ወደ በሩ ሄደ።

«ጫማዬን! ያዙልኝ!»

አክስቷ በሩ ላይ ያዙት። ሁለተኛውን በሳ። ሦስተኛው ጋ ሲደርስ፣ አባቷ በባዶ እግራቸው ውሃው መሃል ቆመው እጃቸውን ዘረጉ።

«ስጠኝ እስቲ። ይሄን እኔ ልብሳው።»

እየተነፈሱ፣ ከንፈራቸውን ነክሰው፣ አንድ በአንድ በሱት። ውሃው በወጣ ቁጥር «ሂድ!» ይሉታል። ለውሃው ይሁን ለሌላ ነገር፣ ሰፊዋ አልጠየቀችም። ከዓይናቸው ግን እንደ ሳጥኑ ውሃ ይወርድ ነበር።

ፓኬቶቹ ውስጥ የቀረ ዘር ነበር። እንደገና ዘሩ። ቆስጣው ቀድሞ ወጣ፤ ቅጠሉ እንደ ትልቅ ጆሮ ሰፋ። ካሮቶቹ ሲነቀሉ አንዱ ሁለት እግር አውጥቶ ተገኘ፤ አክስቷ «ይሄስ ሱሪ ይሰፋለት» አሉ። ቲማቲሙ አበበ፤ ከዚያ አረንጓዴ ጠጠር ቋጠረ፤ ከዚያ፣ አንድ ቀን፣ አንዷ ቀላች።

በዚያ ቀን ሰፊዋ አንዲት ሙሽራ ፊት ተንበርክካ የቬሎዋን ጠርዝ ትሰካ ነበር። አክስቷ ትሸሻለች ብለው የፈሩት ዓይነት ሙሽራ ናት፤ ስትገባ ሳጥኖቹን አይታ ቀጥ ብላ ቆማ ነበርና። ከዚያ «ቲማቲም ነው? በሳጥን?» ብላ ጎንበስ አለች። «ለአዲሱ ቤቴ እንዲህ ያለ እፈልጋለሁ። ማነው የሠራው?»

ሰፊዋ ከስፒሎቹ መሃል «ፊት ለፊት» አለች። ሙሽራዋም የማዶውን ሰው ለመጠየቅ አልፈራችም፤ ከመስኮቱ ሆና ጮኻ አዘዘች።

አሁን በዚያው መስኮት አባቷ ይታያሉ። ቀይዋን ቲማቲም በመዳፋቸው ይዘዋል። ዙሪያውን አልዞሩም። አስፋልቱን በቀጥታ ተሻገሩ።

«አንተ ልጅ!»

«አቤት ጋሼ!» መላጊያውን እንደያዘ ወጣ።

ቲማቲሟን በሱቁ ደጃፍ ካለው ጣውላ ላይ፣ እንዳትንከባለል በብናኙ ደግፈው፣ አስቀመጡለት።

«ከሳጥንህ ውስጥ ወጣች። በሕይወት።»

«አዎ ጋሼ።»

«ለሙሽራዋ የምትሠራው ላይ ቀዳዳ እንዳትረሳ።»

«አልረሳም ጋሼ።»

«ነገ ምሳ እኛ ጋ ነህ።» አባቷ ለመመለስ ዞሩ። ሁለት እርምጃ ሄዱ። ቆሙ። ከዚያ፣ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ፣ ዳቦ ሻጯ በሯ ላይ ቆማ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፦

«ገበያ ይቅናህ፣ ልጄ።»

ሰውየው ቆሞ ቀረ። ለዚህ ቃል የሚሰጠው መልስ ምን እንደሆነ ጠፋው፤ ተብሎ አያውቅምና። በመጨረሻ «አሜን» አለ፤ ሁለት ጊዜ፣ አንዱን ለራሱ፣ አንዱን ለአባቱ።

ስፒሎቹ ከሰፊዋ አፍ አንድ በአንድ ወለሉ ላይ ረገፉ።

«ምን ሆንሽ?» አለች ሙሽራዋ ከላይ።

«ምንም» አለች። ዓይኗ ግን በመስኮቱ በኩል አስፋልቱን ተሻግሮ፣ ያን ዝቅ ያለ የግራ ትከሻ ለሙሽራ ኮት እየለካው ነበር።